እግር የሚማረው ትምህርት

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመታዊው መጽሐፍ በጥቂቱ ተስተካክሎ)



የዝግጅት ኮሚቴው ስልክ ሲደውልልኝ ያስቀመጠልኝ ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፦ «እባክሽ ስለ ሕክምና እንዳታወሪ። እሱን ጠዋት እስኪበቃን ሰምተን ነው የምንመጣው፤ ከምሳ በኋላ ሰው የሚያነቃ ነገር አምጪ።» እሺ አልኩ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አውሮፕላን ነው፤ እንዲያውም ስለ አንድ የአውሮፕላን ክፍል ብቻ፣ በእግር ስለሚታዘዘው። ሕክምናው በስተመጨረሻ በጓሮ በር መግባቱ እንደማይቀር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምኖረውም አሜሪካ ነው። አርባ ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ የበረራ ትምህርት ጀመርኩ። እናቴ ስትሰማ «ምነው ልጄ፣ መኪናው አንሶሽ ነው?» ነው ያለችኝ። የተማርኩት ሴስና 172 በምትባል፣ አንድ ሞተር ባላት፣ አራት ሰው በምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝና ስለ ማስተማር ሥራችን ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝ ግን ይኸው የእግር ነገር ነው።

ነገሩ ረደር ይባላል። ራዳር አላልኩም፤ ረደር። በአውሮፕላን ጅራት ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ ቀጥ ብሎ የቆመውን ክፍል ታውቁታላችሁ፤ አየር መንገዳችን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን የሚቀባበት ነው። በዚያ በቆመው ክፍል የኋላ ጠርዝ ላይ እንደ በር በማጠፊያ የተያያዘ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አካል አለ። ረደር ማለት እሱ ነው። አብራሪው በሁለት ፔዳሎች፣ በእግሩ ያዘዋል። ቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ረደሩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ አየሩ ጅራቱን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «እንግዲያው መሪው እሱ ነዋ! ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ቀኙን መርገጥ ነው» ይላል። ግን እንደዚያ አይደለም። አውሮፕላን የሚታጠፈው በክንፉ ነው። አንዱ ክንፍ ዝቅ ሌላው ከፍ ሲል፣ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የያዘው ኃይል አብሮ ያዘነብላል፤ ወዳዘነበለበትም ይስበዋል። ብስክሌት የነዳ ሰው ማዘንበልና መታጠፍ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ያውቀዋል። ታዲያ ረደሩ ምን ይሠራል? ሌላው መቆጣጠሪያ ያጣመመውን ያቀናል።

እንዴት መሰላችሁ? ወደ ቀኝ ለማዘንበል በእጃችን ያለውን መሪ ወደ ቀኝ ስናዞር፣ በግራው ክንፍ ጫፍ በኩል ያለው ኤሌሮን የሚባል ክፍል ወደ ታች ይታጠፋል፤ ያ ክንፍም ይነሣል። ነገር ግን አብልጦ የሚያነሣ ክንፍ አየሩም አብልጦ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ግራው ክንፍ ከፍ እያለ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አፍንጫው ልንሄድ ከፈለግንበት በተቃራኒ ወደ ግራ ይሸሻል። ባጭሩ መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት አለው ማለት ነው፤ በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በዚያች ቅጽበት ቀኝ እግር ትንሽ ጫን ሲል አፍንጫው ይቀናል፤ ሲበቃም ይለቀቃል።

ይህን ጉዳይ በድካም የደረሱበት ራይት ወንድማማቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 በሰሜን ካሮላይና፣ ኪቲ ሆክ አጠገብ ባለው አሸዋ ላይ የሞከሩት ሞተር የሌለው አውሮፕላን የቆመ ጅራት አልነበረውም። ክንፉን ጠምዝዘው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉት አፍንጫው ወደ ሌላ ጎን ይሄድባቸው ነበር። በ1902 የማይንቀሳቀስ ጅራት ሠሩለት። አንዳንዴ ተስማማው፤ አንዳንዴ ግን ዝቅ ባለው ክንፍ በኩል እየተሽከረከረ ወርዶ አሸዋውን ይቆፍር ጀመር። እነሱም ነገሩን «የጉድጓድ ቁፋሮ» አሉት። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አንድ ምሽት ኦርቪል ቡና በዝቶበት እንቅልፍ እምቢ አለው። ተጋድሞ ሲያወጣ ሲያወርድ ጅራቱ መንቀሳቀስ እንዳለበት ተገለጠለት። ጠዋት ለወንድሙ ነገረው፤ ዊልበር ደግሞ የጅራቱ ገመድ ከክንፉ መጠምዘዣ ጋር ይያያዝ አለ። በሚቀጥለው ዓመት በሞተር የበረሩት በዚህ መንገድ የሚታዘዝ ጅራት ይዘው ነው። አገራችን ለዓለም ያበረከተችው ቡና እዚህም ውስጥ እጁ አለበት ብንል ማን ይከለክለናል?

እግሩ ልክ መሥራቱን የሚነግረን መሣሪያ በጣም ቀላል ነው። በኮክፒቱ ውስጥ ፈሳሽ በሞላው፣ ጎበጥ ባለ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የምትንከባለል ትንሽ ጥቁር ኳስ አለች። ኳሷ መሃል ላይ ከሆነች አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ እየሄደ ነው። ወደ ቀኝ ከሸሸች ቀኝ እግር፣ ወደ ግራ ከሸሸች ግራ እግር። «ኳሷን ርገጣት» ነው ደንቡ። ባትሪ አትፈልግም፣ ሶፍትዌር የላትም።

ስለ ውስጠኛው ጆሮ የተማርነውን አስታውሱ። ሴሚሰርኩላር ካናሎቻችን የሚያውቁት የመዞርን ለውጥ ነው። መዞሩ በእኩል ፍጥነት ከቀጠለ ፈሳሹ ከካናሉ ጋር እኩል መሄድ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እየዞርን ሳለ የቆምን ይመስለናል። ስለዚህ «እኔ ይሰማኛል» የሚል አብራሪ መጨረሻው አያምርም። ሰውነት ያወራል፣ ኳሷ ግን ትመሰክራለች።

በመነሣት እንጀምር። የኔ አሠልጣኝ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ራይት ረደር! ራይት ረደር!» ቀኝ እግር! ምክንያት አላቸው። የዚህች አውሮፕላን ፕሮፔለር ከአብራሪው ወንበር ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ወደ ኋላ የሚገፋው አየር በአካሏ ዙሪያ ተጠምዝዞ ይሄድና ጅራቷን ከግራ በኩል ይመታታል። አፍንጫዋን አንሥታ ስትወጣ ደግሞ በቀኝ በኩል የሚወርደው የፕሮፔለር ምላጭ ከግራው አብልጦ ይገፋል። ሁሉም ተደማምሮ አፍንጫዋን ወደ ግራ ይወስዳታል። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት በሰጠ ቁጥር ቀኝ እግር መዘጋጀት አለበት። ከሄደች በኋላ ማሳደድ ሳይሆን እንዳትሄድ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ማረፍ እንምጣ፤ ረደር ስሙን የሚያገኘው እዚያ ነው። ነፋስ ሁልጊዜ በመንደርደሪያው ልክ አይነፍስም፤ ከጎን ይመጣል። ከቀኝ ሲነፍስ አውሮፕላኑ ወደ ግራ እንዳይወሰድ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መለስ አድርጎ፣ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየሄደ ይመጣል። በዚህ ግቢ ሳለን በፎከር 50 በነፋሻ ቀን አዘዞ ያረፈ ሰው መንደርደሪያውን በጎን መስኮት አሻግሮ አይቶት ይሆናል። ችግሩ ጎማው ነው። ጎማ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አይንከባለልም። እንደ ሸርጣን ሆኖ መሬት ከነካ ጎማው ይጎተታል፣ እግሩ ይጠመዘዛል፣ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ከመንካቱ በፊት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። እግር አፍንጫውን ከመሃል መስመሩ ጋር ያስተካክላል፤ እጅ ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ ያደርጋል። እግር ለአቅጣጫ፣ እጅ ለመንሸራተት። በቀኝ ነፋስ ቀኙ ክንፍ ዝቅ ይላል፣ ግራው እግር ይጫናል፤ መጀመሪያ ቀኙ ጎማ ይነካል፣ ቀጥሎ ግራው፣ በመጨረሻ የአፍንጫው። በመኪና መሪና እግር የሚተባበሩበት ልማድ ይህን አያውቅም፤ ለዚህ ነው ተማሪን የሚያደክመው። ዓይን ደግሞ አጠገብ ያለውን አስፋልት ሳይሆን የመንደርደሪያውን ጫፍ ማየት አለበት። ቅርብ ቅርቡን የሚያይ ሰው ትንሿን መዛባት ቶሎ አያያትም፤ ሲያያትም ትልቅ ሆናለች።

ጎማው ሲነካ ተሳፋሪ ያጨበጭባል። አብራሪው ግን ገና ነው። ፍጥነት ሲቀንስ በረደሩ ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያንኑ ውጤት ለማግኘት እግሩ ይበልጥ መጫን ይኖርበታል፤ ነፋሱ ግን አልቀነሰም። የፔዳሎቹ የላይኛው ክፍል ፍሬን ስለሆነ ተረከዝ ወለሉ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ አቀናለሁ ያለ እግር ፍሬን ይይዛል። አሠልጣኜ «አውሮፕላኗ ቆማ እስክትታሰር ድረስ እየበረርሽ ነው» ይሉኛል። ቀዶ ሕክምናው አልቆ በሽተኛው ወደ ዋርድ ከተላከ በኋላ ያለውን ሌሊት የምታውቁ ሁሉ ይህን አባባል ትወዱታላችሁ።

በዕድሜ የገፋችሁት መምህራኖቻችን ዳኮታን ታስታውሱ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት የክፍለ ሀገሩን ሣርና አፈር ሜዳ ሲያዳርስ ኖሯል። ዳኮታ ሦስተኛው ጎማው ያለው ከጅራቱ ሥር ነው። በእንዲህ ያለ አውሮፕላን ክብደቱ የሚያርፍበት ነጥብ ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ስለሚሆን፣ መሬት ላይ ትንሽ ከተጣመመ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል። ጋሪን ወደ ኋላ የገፋ ሰው ያውቀዋል። ያን አውሮፕላን በነፋስ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመው የአብራሪዎቹ እግር ነው። ከላይ ሆነው ለሚያዩት ምንም የሠሩ አይመስሉም፤ ሥራው ከወገብ በታች ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ረደር ስለሚያቀናው ነው። አሁን ስለሚገድለው ላውራ።

ለማረፍ የሚመጣ ትንሽ አውሮፕላን መንደርደሪያውን በአራት ማዕዘን ዞሮ፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ከመሃል መስመሩ ጋር ይገጥማል። በዚያ መታጠፊያ ላይ ከፍታው ወደ 500 ጫማ፣ ማለትም ወደ 150 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ከኋላ ገፍቶት መስመሩን አልፎ ሄደ እንበል። አብራሪው መመለስ ይፈልጋል። አብዝቶ እንዳያዘነብል ደግሞ መሬት ቅርብ ነውና ይፈራል። ያን ጊዜ እግሩ ዝም ብሎ ይረዳዋል፤ በውስጠኛው በኩል ፔዳሉን ጫን ያደርግና አፍንጫውን ወደ መንደርደሪያው ይጎትተዋል። ከመስኮት ሲታይ ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል። ኳሷ ግን ወደ ውጭ ሸሽታለች። ውስጠኛው ክንፍ ይዘገያል፣ ዝቅ ይላል፤ እሱን ለማንሣት እጁ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ አፍንጫው ይወርዳል፣ አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። በመጨረሻ ያ ክንፍ አየሩን መያዝ ያቅተዋል፤ አውሮፕላኑ ወደዚያው ተገልብጦ እየተሽከረከረ ይወርዳል። በ150 ሜትር ከፍታ ይህን ለማዳን ቦታ የለም።

ሽክርክሪቱን ራሱን፣ ከፍታ ካለ፣ የሚያቆመው ደግሞ ያው ረደር ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1912 ዊልፍሬድ ፓርክ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሌተናንት ሳያስበው ሽክርክሪት ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የዘመኑ ሰው ሁሉ እንደሚለው ረደሩን ወደሚሽከረከርበት አዞረ፤ ባሰበት። ወደ ተቃራኒው አዞረው፤ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አውሮፕላኑ ቀና። ፓርክ ወርዶ ዝም አላለም። ምን እንዳደረገ፣ በምን ቅደም ተከተል እንዳደረገ ወዲያው ለሚመለከታቸው አስረዳ፤ ተመዝግቦም ታተመ። እኛ ኬዝ ሪፖርት የምንለው ይህን አይደል? ዛሬም የሽክርክሪት ማቆሚያው ዋና እርምጃ እሱ ነው።

መስመሩን ላለፈው አብራሪ ግን ትክክለኛው መልስ በጣም ቀላል ነው፦ መተው። ጉልበት ሰጥቶ፣ ተነሥቶ፣ ዞሮ እንደገና መምጣት። አብራሪዎች ጎ-አራውንድ ይሉታል። በደንብ ያስተማረ አሠልጣኝ ይህን እንደ ሽንፈት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ተማሪው ሳይታዘዝ ሲያደርገው ያመሰግነዋል። የሚገድለው መስመሩን ማለፍ ሳይሆን ያለፉትን መስመር በእግር ሸፍኖ ለመመለስ መሞከር ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ቱቦው አልገባ ያለው ሬዚደንት ሦስተኛውን በጉልበት ከመሞከር ማስክ አድርጎ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ ታላቁን ቢጠራ በእኛ ዋርዶች ምን ይባላል? ይመሰገናል ወይስ ይታማል? መልሱን ለእናንተ ልተወው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ እየደረስኩ ነው። እስካሁን ያልኩት በትናንሽ አውሮፕላኖች ነው። በትልልቆቹ ላይ ረደር ብዙ ሥራ የለውም፤ አፍንጫውን የሚያቀኑ አውቶማቲክ መሣሪያዎች አሉ፤ የአብራሪው እግር በዋናነት የሚፈለገው በመነሣት፣ በጎን ነፋስ በማረፍና አንዱ ሞተር ሲጠፋ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2001 የአሜሪካን አየር መንገድ በረራ 587፣ ኤርባስ ኤ300-600፣ ከኒው ዮርክ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ሲነሣ ከፊቱ የሄደ ቦይንግ 747 ጥሎት ያለፈው የተናወጠ አየር ገጠመው። ረዳት አብራሪው ያበር ነበር። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን ረገጠ፣ ወዲያው ወደ ሌላው፣ እንደገና ወደ ፊተኛው። በሰባት ሰኮንድ ገደማ ውስጥ የቆመው ጅራት ተገንጥሎ ወደቀ። በአውሮፕላኑ የነበሩት 260 ሰዎች በሙሉ፣ መሬት ላይ ደግሞ 5 ሰዎች ሞቱ።

አንድ ሰው «ጅራት በእግር ይሰበራል እንዴ?» ይል ይሆናል። አንዴ ቢረገጥ አይሰበርም። ነገር ግን አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ተወዛውዞ ሳለ ረደሩ ሲገለበጥ፣ የአየሩ ግፊትና የረደሩ ግፊት በአንድ ጎን ይደመራሉ። ቀጣዩ ሲገለበጥ የበለጠ ይደመራሉ። ጅራቱ ሊሸከም ከተነደፈለት ከፍተኛ ጭነት በላይ ደረሰ። በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ፍጥነት ሲጨምር ፔዳሉ በትንሽ እንቅስቃሴ ነው ረደሩን እስከ ገደቡ የሚያደርሰው። በዚያን ጊዜ ብዙ አብራሪዎች ከተወሰነ ፍጥነት በታች እስከሆኑ ድረስ መቆጣጠሪያዎቹን እንደፈለጉ ቢያንቀሳቅሱ አውሮፕላኑ አይጎዳም ብለው ያምኑ ነበር። ያ ዋስትና ወዲያና ወዲህ ለሚገለበጥ እግር አልተሰጠም ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2004 ባወጣው ዘገባ ዋናው ምክንያት አላስፈላጊና ከመጠን ያለፈ የረደር አጠቃቀም ነው አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ «የሰውየው ጥፋት» ብለን እንበተን ነበር። ቦርዱ ግን ቀጠለ፦ የረደሩ አሠራር ራሱ፣ እንዲሁም አየር መንገዱ ይሰጥ የነበረው የላቀ የአብራሪዎች ሥልጠና አስተዋጽኦ አድርገዋል አለ። ሥልጠናው የተጀመረው በበጎ ሐሳብ ነው፤ በ1990ዎቹ አውሮፕላኖች ከቁጥጥር ወጥተው የደረሱ አደጋዎች ስለነበሩ አብራሪዎችን ለማዘጋጀት ነበር። ነገር ግን በሲሙሌተሩ አንድ ልምምድ የተናወጠ አየር የሚያደርሰው ነገር ከእውነተኛው እጅግ ተጋንኖ ቀርቦ ነበር። አውሮፕላኑ ክፉኛ ይገለበጣል፤ መቆጣጠሪያዎቹም ለጊዜው እንዳይሠሩ ይደረጋሉ። በዚያ ያለፈ ሰው ሰውነቱ የሚማረው «ይህ ነገር ሲመጣ ቶሎና በኃይል ርገጥ» የሚለውን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ካፒቴን ከዚሁ ረዳት አብራሪ ጋር ሲበር፣ በተናወጠ አየር ውስጥ ረደሩን በኃይል ሲጠቀም አይቶ ለምን ብሎ ጠይቆት ነበር። መልሱ፣ ሥልጠናው እንዲህ እንዳደርግ ያዘኛል የሚል ነበር። ከአምራቾቹ ወገን የሆኑ ባለሙያዎችም በ1997 ስለ ሥልጠናው ያላቸውን ሥጋት ለአየር መንገዱ ጽፈው ነበር። ያ ወጣት ሰነፍ ተማሪ አልነበረም። የተማረውን በትክክል የያዘ ተማሪ ነበር። እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው።

ሕክምናው በጓሮ በር ይገባል ብዬ ነበር፤ ይኸው ገባ። እኛም ቶሎና በኃይል ማቅናት ያምረናል። ሶዲየሙ ለብዙ ቀናት ወርዶ የቆየ በሽተኛ ይመጣል፤ ቁጥሩን ማየት ያስጨንቃል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል በሊትር እንዳያልፍ የምንጠነቀቀው ቁጥሩ ቶሎ ሲቀና አንጎሉ ስለሚጎዳ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ከፍ ሲል ብዙ ኢንሱሊን፣ ሲወድቅ ብዙ ግሉኮስ፣ እንደገና ከፍ ሲል እንደገና ኢንሱሊን፤ ይህ የፔዳል ግልበጣ ካልሆነ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ትእዛዝ ለየብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። የሚገድለው ድምሩ ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ፣ እዚህ ያነሣሁት ማኅበራችን ለተማሪዎች የሲሙሌሽን ክፍል ለማገዝ ስለተነሣ ነው። እደግፋለሁ፤ የድርሻዬንም አዋጣለሁ። በእኛ ጊዜ በመጀመሪያው የተለማመድነው በሰው ላይ ነበር፤ ያ ዘመን መሻሩ ደግ ነው። ነገር ግን መሣሪያ መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ገንዘቡን የምናሰባስበው እኛ፣ ትምህርቱን የምትቀርጹት መምህራኖቻችን፣ አንድ ጥያቄ አብረን እንድንጠይቅ እለምናለሁ፦ ይህ ልምምድ ከሚያስተምረው መልካም ነገር ጋር እግር ምን ይማራል?

የሥልጠናው አሻንጉሊት በየደቂቃው የሚሞት ከሆነ፣ ተማሪው ሁልጊዜ መሮጥና ሁልጊዜ ብዙ ማድረግ ይለምዳል። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ጥቂት ስጥ፣ ቆይተህ እንደገና ለካ» የሆነበት ልምምድም ይኑር። ጥሩ ተማሪ ምንም ሳያደርግ አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚመለከትበት ልምምድም ይኑር። ቆም ብሎ ሰው የጠራ ተማሪ ነጥብ ያግኝ እንጂ አይቀነስበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱ ወደ ኋላም ይሂድ። በጎጃምም ይሁን በጋምቤላ፣ በሪያድም ይሁን በዋሽንግተን ያለ ታላቅ ሐኪም የእኛ ተመራቂ እንግዳ ነገር ሲያደርግ ቢያይና ቢጠይቀው፣ «እንዲህ ነው ያስተማሩኝ» ቢለው፣ ያ መልስ እዚያ ዋርድ ውስጥ አይቅር። ወደዚህ ግቢ ይምጣ። የማኅበራችን አባላት በየቦታው የተበተንን ዓይኖች ነን፤ ለገንዘብ መዋጮ ብቻ ከምንፈለግ ለዚህ ብንፈለግ ይሻላል። በየዓመቱ እንዲህ ስንሰበሰብ ከዘፈኑና ከምሳው በፊት ግማሽ ቀን ለዚህ ይመደብልን። ተመራቂዎቻችን ሲሠሩ ያየነውን ለመምህራን የምንነግርበት፣ እነሱም ትምህርቱን የሚያቀኑበት። ስም ሳይጠራ፣ ማንም ሳይወቀስ።

መምህራኖቻችን፣ እናንተ በእኛ እጅና እግር ውስጥ አላችሁ። የሆድ ምርመራ ስጀምር እጄን መጀመሪያ የማሞቀው ማን አስተምሮኝ እንደሆነ ዛሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። መጽሐፉን ረስቻለሁ፣ እጄ ግን አልረሳም። ያስተማራችሁን ከእናንተ ክፍል ወጥቶ ሃያ ዓመት ይኖራል፤ እናንተ በማታዩት ሌሊት፣ በማታውቁት በሽተኛ ላይ ይሠራል። ይህ ክብር ነው፤ ሸክምም ነው። ከእኛ መካከል ዛሬ የሚያስተምሩትም ያንኑ ሸክም ተቀብለዋል።

 በሲሙሌሽኑ ክፍል ሐሳብ ላይ መነጋገር የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ በዚሁ አዳራሽ ቀኝ ጥግ እጠብቃችኋለሁ። ለዓመት በሰላም ያድርሰን።